መሳለምና መጐብኘት

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን ይሳለማሉ እንጂ ይጐበኛሉ ማለት የተለመደ አልነበረም። ዛሬ ግን ወደ ኤውሮፓ የሚጓዝ ሰው በየከተማው ያሉትን ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ሳያይ አይመለስም፤ ከሚገቡትም ብዙዎቹ ለጸሎት የመጡ አይደሉም። እንግዲህ ለማየት ብቻ ወደ ጸሎት ቤት የገባ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ይህ ጥያቄ በፓሪስ ከተማ በግልጥ ተነሥቶ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የተቃጠለው የኖትር ዳም ካቴድራል ታድሶ በ2024 ዓ.ም. ሊከፈት ሲቃረብ፣ የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር እያንዳንዱ ጐብኚ 5 ዩሮ እንዲከፍልና ገንዘቡ ለአገሪቱ የሃይማኖት ቅርሶች መጠበቂያ እንዲውል አሳብ አቀረቡ። ቤተ ክህነቱ ግን ሰውን ሁሉ ያለ ልዩነት መቀበል ተግባሩ መሆኑን ገልጦ አሳቡን አልተቀበለም። በለንደን በሚገኘው በዌስትሚንስተር ደግሞ ለጸሎት የመጣው በነጻ ይገባል፤ ለማየት የመጣው ይከፍላል።

ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው። ጣራና ግድግዳ ያለ ገንዘብ አይጠገንምና ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን ዋጋ የከፈለ ሰው ዕዳውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ስሕተቱም ከዚህ ላይ ይጀምራል።

የጀርመንን የኮሎኝ ካቴድራል እንመልከት። መሠረቱ በ1248 ዓ.ም. ተጥሎ ሕንጻው የተፈጸመው በ1880 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሥራው ሦስት መቶ ለሚጠጋ ዓመት ተቋርጦ ነበር። መሠረቱን የቈፈረው ሠራተኛ የግንቡን ጫፍ ሳያይ ሞተ፤ የልጅ ልጆቹም አላዩትም። እኛ ግን 632 ዓመት የፈጀውን ሥራ በሩብ ሰዓት ተመልክተን እንወጣለን። ለማያውቀው ትውልድ ለደከመ ሰው ውለታው በገንዘብ ይመለሳልን?

የሚመለስ አይመስለንም። የተመልካች ዕዳ ከኪሱ ይልቅ በጠባዩ ላይ ነው። ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ ተንበርክኮ የሚጸልየውን ሰው ፎቶግራፍ ከማንሣት መታቀብ፣ ሥዕሉን ከማድነቅ በፊት ለማን እንደ ተሣለ ማሰብ ይገባዋል። ይህን ለማድረግ ሃይማኖቱ አንድ መሆን አያስፈልገውም፤ ሌላው የሚያከብረውን ማክበር ይበቃዋል።

በላሊበላም የውጭ አገር እንግዳ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ መክፈሉ ግን ጫማውን ከማውለቅ ነጻ አያደርገውም። እኛም በሰው አገር ደጃፍ ስንቆም፣ ጫማ ማውለቅ ልማድ በሌለበት እንኳ፣ ልባችን ጫማውን አውልቆ ይግባ።