ምርጡ ጠቦት የት ሄደ?

ልጄ፣ ከአንተ የበለጠ የተማሩ ሰዎች ያሉበትን ቡድን እንድትመራ መመረጥህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሐሳብም ገባኝ። ጎበዝ ሰው ችሎታው የሚታይበትን ይወዳል። ቀላሉ መንገድ ከፊቱ እያለ ከባዱን ይመርጣል፤ ጎበዞች ሲሰባሰቡ ደግሞ ከባዱ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ በቡድንህ ውስጥ ተራውን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው አንተ ሁን። ይህን ያስተማረኝ እዚሁ ደብረ ብርሃንና መንዝ የተሠራው የበግ ሥራ ነው።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ማራቢያና ማባዣ ማዕከል ነበረ፤ ኋላም መንዝ ውስጥ አመድ ጉያ ላይ ሌላ ተከፈተ። የመንዝ በግ ትንሽ ስለሆነ ከትልልቅ የውጭ ዝርያዎች ጋር ይዳቀል ተባለ። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር መጡ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዋሲ ከእስራኤል መጣ። ሥራውን የያዙት የተማሩና የለፉ ሰዎች ነበሩ፤ በማዕከሉ ውስጥም ዲቃላው ከመንዙ በልጦ አደገ። ወደ ገበሬው ደጅ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ማዕከሉ የሚያወጣው አውራ ለስንቱ ቀበሌ ይዳረስ? መኖው ጥቂት፣ ውርጩ ብርቱ ነው። ከቀደሙት ዲቃላዎች ደግሞ ላት የሌለውን ገበሬው አልወደደውም። የአዋሲ ዲቃላ የተሻለ ተቀባይነት ማግኘቱን፣ መኖ ባለበትም መጥቀሙን አልክድም። ለብዙው የመንዝ ገበሬ ግን መንጋው እንደነበረ ቆየ።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ ዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት ኢካርዳና ኢልሪ፣ እንዲሁም የኦስትሪያው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ሌላ መንገድ ጀመሩ። በመንዙ ሥራ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል አለበት። እዚህ ላይ ልብ በል፤ ከየት አገር ምን ዝርያ እናምጣ የሚለው ጥያቄ ቀረና፣ ገበሬው ቤት ከተወለዱት ጠቦቶች ምርጡ የት ይሄዳል ተባለ። መልሱን መንዝ ውስጥ ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች፦ ገበያ። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የልጅ ደብተር አለ፤ ፈጥኖ የወፈረው ጠቦት ቀድሞ ይሸጣል። በጎቹን የሚያጠቃው ሳይሸጥ የቀረው ቀጫጫ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ምርጡን ዘር በገዛ እጃችን ከመንጋው ስናወጣ ኖረናል ማለት ነው።

መፍትሔውም በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ሆነ፦ ምርጡን አውራ አትሽጡት፣ በመንደር ተካፈሉት፣ የቀሩትን አኮላሽታችሁ ሙክት አድርጋችሁ ሽጡ።

የምርጫውን ቀን ሄደህ እንድታይ እወዳለሁ። ጆሮው ላይ ቁጥር የተደረገለት ጠቦት ሲወለድ፣ በሦስት ወሩ ጡት ሲጥል፣ ደግሞም በስድስት ወሩ ይመዘናል፤ የሚመዘግበውም የአካባቢው ሰው ነው። በቀጠሮው ቀን ጠቦቶቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ተመራማሪው ከመዝገቡ በኮምፒውተር አስልቶ የተሻሉትን ይለያል፤ ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ይገባሉ። ላቱን በእጃቸው ይጨብጣሉ፣ ቀንዱን ያያሉ፣ ቁመናውን ከጎንም ከኋላም ይመለከታሉ። ጥቁር ከሆነ ክብደቱ ቢያምርም ያልፉታል፤ ጥቁር በግ ገበያ ላይ ዋጋ ያጣልና። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ ሰውየው ደግሞ የአባቱንና የእናቱን መዝገብ አያውቅም። ሁለቱን ያገናኘው ያ ተራ ጥያቄ ነው።

ይሁንና ቀላል ማሰብን ሊቁን ዝም ከማሰኘት ጋር እንዳታምታታው። ገበሬው ጥሩ አውራ ሲያገኝ ከእሱ ዘንድ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ከቆየ ግን የገዛ ልጆቹን ያጠቃል፤ ዘሩም እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ አውራው ጊዜውን ሲጨርስ አውራ ወደሚካፈል ሌላ የመንደር ቡድን መዛወር አለበት። ይህን ለማስላት የዘር ሳይንስ የተማረ ሰው ያስፈልጋል፤ ለመንደሩ ሲነገር ግን አውራው ሴት ልጆቹ ሳይደርሱ ይዛወር ማለት ይበቃል። ከቡድንህ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ስሌቱን የሚችል፣ የስሌቱን ፍሬ ደግሞ ለባለጉዳዩ በቋንቋው የሚነግር።

ስብሰባ ላይ ረጅም ዕቅድ ሲቀርብልህ ሳይገባህ የገባህ አትምሰል። ይህ ለማን ነው? ነገ ጠዋት ማን ምን ይሠራል? የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ማን ይቀጥለዋል? ብለህ ጠይቅ። አዲስ መሪ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ያልተማረ የሚመስል ይመስለዋል። አንተ አትፈር። የማዕከሉን አውራ ለስንት መንደር እናዳርሳለን የሚለው ጥያቄ ቀደም ብሎ በቁጥር ቢመለስ ኖሮ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ያቀረበው ሰው መመለስ ካቃተው በሰው ፊት አታሳፍረው። ጊዜ ስጠውና ሥራው የሚመለከተው ሰው ዘንድ ይዘኸው ሂድ፤ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳም ይሁን ሞላሌ። እዚያ አፉን ሞልቶ እስኪያስረዳ ድረስ ዕቅዱን አትፈርምበት። አሳጥሮና አቅልሎ ሲመለስ ደግሞ በሪፖርትህ ላይ ስሙን አንሳለት። ወረቀት ያበዛውን ብቻ የምታመሰግን ከሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ወረቀት ሲያበዛ ታገኘዋለህ።