ትንበያና ቀብድ

ባለፈው ሰሞን አንድ ታክሲ ሾፌር ጎረቤቴ በራፌ ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ መቼም እርስዎ የተማሩ ነዎት። አሮጌዋን ቪትዜን ሸጬ፣ ለሚስቴ የደረሳትን እቁብ ጨምሬ የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይ?» አለኝ። እኔ ሆዬ፣ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩት ሰው፣ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ፣ «ምን ትጠይቀኛለህ፤ የነገው ዓለም እሱ ነው!» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ በሰው እቁብ ትንቢት የምናገረው እኔ ማን ስለሆንኩ ነው?

አዋቂ የተባሉትስ? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት ለአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ፣ በ2000 በአገሪቱ የሞባይል ተጠቃሚው 900 ሺህ ያህል እንደሚሆን ተነበየ። ዓመቱ ሲደርስ ቁጥሩ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። የዚያን ጊዜው ስልክ ጡብ የሚያህል፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነበርና የነገውን ሰው በዛሬው ስልክ ለኩት። ያም ሆኖ ኩባንያው ገበያ አመለጠው እንጂ ልጆቹ ጦማቸውን አላደሩም።

እኔም ብሆን ከሜዳ ተነስቼ አልተናገርኩም። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ አውቶሞቢሎች ከ10ሩ 9 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። እዚያ መንግሥት ለዓመታት ግብር እየማረ ነው ገዢውን ያባበለው። እኛ ዘንድ ደግሞ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታወቀ። ነዳጅ ዶላር ይበላል፤ መብራታችን ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። ምክንያቱ ያሳምናል። ነገር ግን አንዱ በር ሲዘጋ ሰው በሌላው እንደሚገባ ለመተንበይ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ትንበያ የሚያወራው ስለ ብዙኃኑ ነው፤ የሚጠይቀው ግን አንድ ሰው ነው። «ከ10 ዓመት በኋላ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ይሞላል» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። በዚያው እውነት ውስጥ ግን ጎረቤቴ ባትሪው ደክሞበት፣ ጠጋኝ አጥቶ፣ የእቁብ ዕዳውን እየገፈገፈ ሊቀመጥ ይችላል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሰውየው ይከስራል። ታዲያ ኪሳራው የማይነካው ሰው «ግዛ» የሚለው በምን አንጀቱ ነው?

በነጋታው ማልጄ ሄድኩ። «የትናንቱን ተወው። ይልቅ የት ቻርጅ እንደምታደርግ፣ ስትበላሽ ማን እንደሚጠግንልህ፣ ባትሪዋ የስንት ዓመት ዋስትና እንዳላት ጠይቅ። ከዚያ አንተው ወስን» አልኩት።

ሳቅ አለና፣ «ጋሼ፣ ማታውኑ ቀብድ ከፈልኩ እኮ! እርስዎ ካሉ ብዬ» አለኝ።

ይኸው መኪናዋ መጥታለች። ጠዋት ጠዋት በመስኮት አያታለሁ። ድምፅ ሳታሰማ ከግቢ ስትወጣ «ተመስገን» እላለሁ። የኔ ድርሻ ይህችው ጭንቀት ናት። አንድ ቀን ብትቆም ግን የሚከፍለው እሱ ነው።