የሰንበት መጠጥ ንግድና የከተማ ሹማምንት ሥልጣን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምት የሚወስደውን ጐዳና በእሑድ ቀን የሚጓዝ ሰው በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪ፥ በአምቦ፥ በጉደር፥ በጌዶና በባኮ ሲያልፍ ሁለት ደጆች ተከፍተው ያያል። አንደኛው ከሌሊት ጀምሮ ማሕሌቱና ቅዳሴው የሚደርስበት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ ከቅዳሴ እስኪወጣ እንኳ ሳይጠብቅ የሚከፈተው የመጠጥ ቤት ደጅ ነው። ነጠላውን አጣፍቶ ከአንደኛው ደጅ የወጣ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ወደ ሁለተኛው ሲገባ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የሳምንቱን ድካም ዋጋ የተቀበለ የቀን ሠራተኛም ገንዘቡን ለልጆቹ እናት ሳያደርስ በዚያው ያስቀረዋል።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። የከተማ ሹማምንት በሰንበት የመጠጥን ሽያጭ ሊከለክሉ ወይም በሰዓት ሊወስኑ ይገባቸዋልን? ቢከለክሉስ የተቈለፈ በር ሰውን ጻድቅ ሊያደርገው ይችላልን? ነገሩ የነፍስም የሥጋም ጉዳይ ስለ ሆነ በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባናል።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠጥ በባሕርዩ ርኩስ ነው ብላ ቤተ ክርስቲያን እንደማታስተምር ማወቅ ያስፈልጋል። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ውኃውን ወይን አድርጎ የመጀመሪያውን ተአምር አሳይቷል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ነገር ግን ይኸው ሐዋርያ የኤፌሶንን ምእመናን ከስካር እንዲርቁ አጥብቆ አስጠንቅቋቸዋል። ጻድቁ ኖኅም ከጥፋት ውኃ ከዳነ በኋላ ወይን ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን እንደ ተገኘ መጽሐፍ አልሸሸገም። የእኛም አባቶች የሆድን ብቅል ያወጣዋል ያሉት መጠጥ የልብን በር ያለ ጠባቂ እንደሚተወው ስለ ተመለከቱ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ መጠጥ ከምድር ይጥፋ አይጥፋ አይደለም፤ ሽያጩ መቼ፥ ለማን፥ በምን ልክ ይሁን የሚለው ነው።

ስለ ሰንበትም የተሰጠውን ትእዛዝ ስንመረምር ብዙ ጊዜ የምንዘነጋውን ነገር እናገኛለን። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው የሰንበት ዕረፍት ለባለቤቱ ብቻ የታዘዘ አይደለም፤ ወንድ ባሪያውና ሴት ባሪያው እንደ እርሱ እንዲያርፉ፥ እስራኤልም ራሳቸው በግብጽ ባሮች እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ታዝዟል። የመጠጥ ቤት ደጅ በሰንበት ሲከፈት ከውስጥ ቆማ የምታስተናግደው ማን ናት? ከገጠር ለእንጀራ ፍለጋ የመጣች የድኻ ልጅ ናት። ሌላው ሲያስቀድስ እርስዋ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ሌላው በሚያርፍበት ሰዓት የሰካራም ነገር ትሰማለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሠራተኛ በየሳምንቱ ከሃያ አራት ሰዓት የማያንስ ዕረፍት እንዲያገኝ፥ ዕረፍቱም በተቻለ መጠን በእሑድ እንዲውል ያዝዛል፤ ለሕዝብ አገልግሎትና መዝናኛ ለሚሰጡ ሥራዎች ግን ሌላ ቀን እንዲመደብ ይፈቅዳል። ይህች ልጅ በስሙ ሌላ ቀን ተመድቦላት በተግባር አንድም ቀን ሳታርፍ ብትቀር የሚጠይቅላት ማን ነው?

ሰንበትን በሹም ሥልጣን ማስከበር ዛሬ የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 13 እንደምናነበው የይሁዳ ገዥ ነህምያ በሰንበት ወይን ሲረገጥ፥ ወይን ጠጅና በለስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ፥ የጢሮስ ሰዎችም ዓሣ ሲሸጡ አየ። ይህ ሹም የወሰደውን የሥራ ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። በሩን ከመዝጋቱ በፊት የይሁዳን ታላላቆች ወቀሰ፤ ከዚያ በኋላ የከተማይቱን በር ዘጋ፥ ጠባቂም አቆመ። የዘጋው የከተማውን በር ነው እንጂ ወደ ሰው ቤት እየገባ ማድጋ አልፈተሸም። ነጋዴዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ ካደሩ በኋላም በማስጠንቀቂያ መለሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ በ321 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ዳኞችና የከተማ ሰዎች በእሑድ ከሥራ እንዲያርፉ አዘዘ፤ ገበሬው ግን ዝናብና ወቅት እንዳያልፍበት እንዲሠራ ፈቀደ። በአገራችንም በ1442 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። እነዚህ ሁሉ የሚያስረዱት መንግሥት የዕረፍትን ቀን የመጠበቅ ድርሻ እንዳለው ነው፤ ይልቁንም የቈስጠንጢኖስ ሕግ የድኻውን ኑሮ ሳያመዛዝን የሚወጣ ትእዛዝ መልካም እንደማይሆን ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ያለንበት ዘመን ሌላ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ያውቃት ነበር፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል። በምዕራብ ሸዋ ከተሞችም ኦርቶዶክሱ፥ ፕሮቴስታንቱ፥ ሙስሊሙና የዋቄፈና ተከታዩ በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ስለዚህ የአምቦ ወይም የጊንጪ ምክር ቤት ቀኑ የእናንተ ሰንበት ስለ ሆነ ብቻ ቤት እንዲዘጋልን ልንጠይቀው አይገባም፤ ስለ ሕዝብ ጸጥታ፥ ስለ ጤናና ስለ ሠራተኛ ዕረፍት ግን ልንጠይቀው እንችላለን። በአሜሪካም የበላዩ ፍርድ ቤት በ1961 እ.ኤ.አ. የእሑድ መዝጊያ ሕጎችን ያጸናው ለሁሉ የጋራ የዕረፍት ቀን የማቆም ዓለማዊ ዓላማ አላቸው ብሎ ነው። የምንጠይቀው ነገር ለጎረቤታችንም የሚጠቅም ከሆነ የእምነታችን ክብር አይቀንስም፤ ጎረቤቱን የሚወድ ሰው የሚናገረው እንዲህ ነውና።

የአገሪቱ ሕግም መንገዱን በከፊል ጠርጎታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መጠጥ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ፥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ አስታውቋል። አዋጁ ስለ ሰንበት የሚለው ነገር የለም። ዕድሜን የሚጠይቅ፥ በራፍ ላይ የሚቆም፥ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል ለሕዝቡ ቅርብ የሆነው ሹም ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

አሁን በተቃራኒው የሚቀርበውን ክርክር እንስማ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጠላ ጠምቃ ወይም አረቄ አውጥታ ልጆችዋን ታስተምራለች። እሑድ ብዙ ጠጪ የሚመጣላት ቀን ነው። ትእዛዙ ሲወጣ ደንብ አስከባሪው በቅድሚያ የሚያንኳኳው የእርስዋን የጭቃ ቤት ነው፤ ትልቁ ሆቴል ግን ለመንገደኛ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። በስኮትላንድ በ1853 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መጠጥ ቤቶች በእሑድ ሲዘጉ ሆቴሎች መንገደኛን እንዲያስተናግዱ ስለ ተፈቀደ፥ መንገደኛ ነኝ ለማለት ብቻ ከከተማው ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በዛ። ዛሬም አምቦ ብቻውን ቢዘጋ ጉደር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ጠጪው በታክሲ ሄዶ ሌሊት ይመለሳል፤ አደጋውም በመንገድ ላይ ይጨመራል።

የዌልስም ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አገር በ1881 እ.ኤ.አ. የእሑድ መጠጥ ሽያጭ በሕግ ተከለከለ፤ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን እያንዳንዱ አውራጃ በየሰባት ዓመቱ ድምፅ እየሰጠ እንዲወስን ተደረገ። አውራጃዎቹ አንድ በአንድ ክልከላውን እየተዉ በ1996 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ከፈተ። የሕዝቡ ልብ የተወውን ነገር የሕግ ቊልፍ ብቻውን ሊጠብቀው አልቻለም።

ከዚህም የሚከብድ ክርክር አለ፤ እርሱም በእኛው ላይ የሚነሣ ነው። እኛ ካህናትና ምእመናን በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት ተሰብስበን ጠላ እንጠጣ የለምን? እውነት ነው፤ የሰንበቴ ማዕድ የፍቅር ማዕድ ነው፤ ድኻው ይበላበታል፥ የተጣላ ይታረቅበታል፥ ለትርፍም አይሸጥበትም። ነገር ግን ማዕዱ ከመጠን ሲያልፍ፥ አባወራው ከዚያ ተነሥቶ እየተንገዳገደ ቤቱ ሲገባ፥ ጠላው ያልተሸጠ መሆኑ ለሚስቱና ለልጆቹ ምን ይጠቅማቸዋል? በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖና ካህን ስካርን ካልተወ ከሹመቱ እንዲሻር፥ መንገደኛም ካልሆነ በቀር በመጠጥ ቤት እንዳይበላ ያዝዛል። ይህን የማይፈጽም ካህን ወደ ከንቲባው ቢሮ ሄዶ መጠጥ ቤት ዝጉልን ቢል ቃሉ ከደጁ አያልፍም። ነህምያ ከበሩ በፊት ታላላቆቹን የወቀሰው ይህን ስለ ተረዳ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ምን ይሁን? የተቈለፈ በር ሰውን ጻድቅ አያደርግም፤ ጽድቅ ከነጻ ፈቃድ የሚወለድ ነውና፥ ስለ ማጣት ያልጠጣ ሰው ገና አልጾመም። ይሁን እንጂ ሕግ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ሊተው እየፈለገ ላልቻለው ደካማ ጥቂት የዕፎይታ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ምንም ሳትጠጣ የመጠጥ ዕዳ የምትከፍለውን ሚስት፥ ሕፃንና አስተናጋጅም ይከላከላል። ነፍስን ማዳን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ የተጐዳን መጠበቅ ግን የሹም ግዴታ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ወንድም የሚሰናከልበት ከሆነ ወይንን አለመጠጣት መልካም እንደ ሆነ ያስተማረው የራስን መብት ስለ ሌላው መተውን ነው።

ስለዚህ ከከተማ ምክር ቤቶች የሚጠየቀው ነገር ልከኛ ቢሆን ይሻላል። በእሑድ እስከ ቀትር የመጠጥ ሽያጭ ይቁም፤ ትእዛዙም በሆቴሉና በጭቃ ቤቱ ላይ እኩል ይሁን። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ያሉት ከተሞች በአንድነት ይምከሩበት። የዕድሜው ሕግ በተግባር ይዋል፤ የአስተናጋጆች የዕረፍት ቀን ይመርመር። ጠምቃ የምታድር ሴትም ሌላ ሥራ እንድትይዝ ሳይረዷት ገበያዋን ብቻ አይዝጉባት፤ በዚህ ረገድ ሰበካ ጉባኤውም ድርሻ አለው።

ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በሰንበቴው ማዕድ ከጠላው ጎን ብርዝ ይቅረብ፤ ጽዋው ይወሰን፤ የንስሐ አባትም የንስሐ ልጁን ስለ ጾሙ እንደሚጠይቀው ሁሉ ገንዘቡን ለቤቱ ስለ ማድረሱ ይጠይቀው። አምቦ በቀድሞው መንግሥት ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ ነበር፤ የማዕድን ውኃዋም ከአገር አገር ይጠጣል። ይህ ስም የሚገባት በሰንበት ማታ አባት በሙሉ ልቡናው ወደ ቤቱ ሲገባና ልጆቹ ሳይሸሹ ሲቀበሉት ነው።

ሰንበትን ለሰው ዕረፍት የሠራ አምላክ ለሹማምንቱ ማስተዋልን፥ ለካህናቱ ምሳሌነትን፥ ለሁላችንም ራስን መግዛትን ይስጠን። አሜን።