የእርሻው ዳርቻ

ምንባብ፤ ዘሌዋውያን 19፥9-10።

እግዚአብሔር ለእስራኤል ምድርን በሰጠ ጊዜ እርሻቸውን እስከ ዳርቻው አጥርተው እንዳያጭዱ ከለከላቸው፤ ዳርቻው የድኻውና የመጻተኛው ድርሻ ነበረና። እኛም በዚህ በሚኒሶታ መጻተኞች ሆነን ሳለን ሌሎች በተዉልን ዳርቻ ላይ ቆመናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት መጻተኛ እነግራችኋለሁ፤ እርስዋም ሞናርክ የተባለችው ቢራቢሮ ናት።

ይህች ቢራቢሮ በመጸው ከካናዳና ከአሜሪካ ተነሥታ እስከ 4000 ኪሎ ሜትር በርራ በሜክሲኮ ተራሮች ትከርማለች። መንገዱን አይታው አታውቅም፤ በፀደይ ከዚያ የወጡት አያቶችዋና ቅድመ አያቶችዋ ናቸውና። ሊቃውንት በፀሓይ ትመራለች ይላሉ፤ ይህን ማን እንዳስተማራት ግን እኛ እናውቃለን።

ትልዋ ከአንድ ወገን ተክል በቀር አትበላም። ተክሉም ሚልክዊድ ይባላል፤ ሲቀነጠስ ወተት የሚያፈስ፥ በአገራችን ቆላ ከሚበቅለው ከጦቢያ ጋር የሚዛመድ ነው። በወተቱ ውስጥ መርዝ አለ፤ ትልዋ ግን መርዙን በሥጋዋ አኑራ ከወፎች ትድንበታለች። አበባውም ንቦችን ይመግባል።

ሚልክዊድ ቀድሞ በበቆሎና በአኩሪ አተር ትልም መካከል ይበቅል ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1996 ወዲህ ግን ጸረ አረም መድኃኒት የማይገድለው ዘር ተዘራ፤ መድኃኒቱ ሲረጭ ሰብሉ ይቆማል፥ ሚልክዊዱ ይሞታል። ቢራቢሮዎቹ የከረሙበት ደን በ1996-97 የብርድ ወራት 18 ሄክታር ያህል ነበር፤ በ2013-14 ከ1 ሄክታር አነሰ። የደን መቆረጥና ድርቅም አሉበትና ገበሬውን ብቻ አልከስም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት የቤቴን አጥር ሥር አጥርቼ አጭጄ፥ ንጽሕናው ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

አንዲት እናት፥ «ታዲያ አረም ዝሩ ይሉናል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን፥ እናቴ፥ ይዝሩ። ነገር ግን የዚሁ አገር ተወላጅ የሆነውን ይምረጡ፤ ከሞቃት አገር የመጣው ዓይነት በደቡብ ክፍል በብርድ ወራት ሳይደርቅ ስለሚቆይ የቢራቢሮዎቹ ደዌ ይከማችበታል። ዘሩን በጥቅምት መጨረሻ ይበትኑት፤ ብርዱን ካልቀመሰ በደኅና አይበቅልም። ወተቱ የልጆችን ዓይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። በመጀመሪያው ዓመት አበባ ባያዩ አይንቀሉት። ቅጠሉ በትል ተበልቶ ቢያገኙትም መድኃኒት አይርጩበት፤ የተዘራው ለእርስዋ ነውና።