ማረሩን ማን አሸተተ?

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው የገዛ ጓዳዋን ረስታ በሰው ጓዳ የምትገባን ሴት ለመገሠጽ ነው። ባለፈው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ኦቶና ሰፈር ዘመድ ቤት ቡና ስንጠጣ፣ አንድ አጎቴ ይህንኑ ምሳሌ ተናገሩ። የተናገሩት ከቱርክ ድራማ ላይ ዓይኗን መንቀል ባቃታት የልጆች እናት ላይ ነበር። ሴትየዋ ምንም ሳትመልስ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ ለእኔ ግን ምሳሌው አልዋጥልኝ አለ። እኔ ያደግሁት የሰው ድስት ሲማሰል እያየሁ ነው፤ ቤታችንም ከዚያ ያተረፈው ነገር አለ።

በእኛ ቤት ድስቱ በእርግጥም ያርር ነበር። ታላላቆቻችን «ገመና»ን እና «ሰው ለሰው»ን በኢቲቪ ሳምንት ጠብቀው ያዩ ነበር፤ በ«ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን እንደ ክፉ ጎረቤት ይረግሙታል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሳምንት መጠበቅ ቀረ፤ ነገሩ የየማታ ሆነ። ዲሽ የሌላቸው ጎረቤቶች ልጆቻቸውን እየያዙ ይመጣሉ፤ ወንበሩ ለትልልቆቹ፣ ወለሉ ለእኛ። እናቴ ጎደሬውን ማድ ቤት ጥዳ «አሁን መጣሁ» ብላ ትገባና እዚያው ትቀራለች። የማረር ሽታ ሲመጣ ከልጆቹ አንዱ ይላካል።

በጊዜው የአገር ውስጥ የፊልምና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች፣ የተተረጎሙ ድራማዎች የአገሩን ጥበብ ያቀጭጫሉ ብለው አምርረው ተቃውመው ነበር። ክርክራቸው ሲጨመቅ ያው የአጎቴ ምሳሌ ነው፤ የራሳችን እያረረ የቱርክን እናማስላለን ነው የሚሉት። እንጀራው የተነካበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። እኔ የማውቀው ግን ድራማው አንድ ቤት ውስጥ ምን እንዳደረገ ነው።

አያቴ አማርኛ እምብዛም አትሰማም ነበር። የምታየውን በወላይትኛ የማስረዳት ሥራ የእኔ ሆነ። በዚያ ዘመን አባቴና ታናሽ ወንድሙ በአባታቸው ይዞታ ድንበር ተጣልተው ነበር። የወላይታ መሬት ሰው የሚበዛበት ነው፤ ከአባት የወረሰ ወንድም ሁሉ በአጥር ሥር ባለች የእንሰት መደዳ ይጣላል። በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ ማንም አያነሣም። አባቴ ዝም ይላል፤ ወንድሙም ከደጃችን ቀረ።

በቃና እናየው የነበረው የቱርክ ድራማ «ኩዚ ጉኒ» የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። አንዱ፣ ወንድሙ ያደረሰውን የመኪና አደጋ በራሱ ላይ ወስዶ እስር ቤት ይገባል። ይህንን ለአያቴ ስተረጉምላት ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ወደ አባቴ መለሰችና፣ «የባዕድ አገር ሰው ለወንድሙ ሲታሰር የእኔ ልጆች ለአንድ እግር እንሰት ይካሰሳሉ?» አለች። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰሙ። አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ነገሩ ግን ከዚያ ማታ በኋላ ሊደበቅ አልቻለም።

በወላይታ ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው፤ የተጣላ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል። ከዚያ ማታ በኋላ ጎረቤቶች ለሽማግሌዎች ነገሩ፤ ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ወንድማማቾች አስቀመጧቸው። ድንበሩ ሳይቋጭ ቆየ፤ ሰላምታው ግን ተመለሰ። ያስታረቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ዝምታውን የሰበረችው ግን የቱርክን ድስት ስታማስል የነበረች አሮጊት ናት።

ከምሳሌው ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። የሰው ድስት ማማሰል ጥፋት ከሆነ ሽምግልናስ ምንድን ነው? ሽማግሌ የራሱን ቤት ትቶ የሌላውን ነገር ሲያበርድ የሚውል ሰው አይደለም? በሰው ቤት ነገር መግባትን አብዝተን ብንፈራ ኖሮ ስንቱ ትዳር፣ ስንቱ ወንድማማችነት ፈርሶ ይቀር ነበር! በሰው ታሪክ በኩል ወደ ራስ ቤት መግባትን ሥራዬ ብለው የያዙም ነበሩ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎች የሰዎችን ኑሮ እየተረከ አድማጩ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ በራሱ ቤት እንዲነጋገር የተዘጋጀ ድራማ ነበር። መነሻ ሐሳቡ፣ ሰው በራሱ ጉዳይ አፉ ቢያዝም በሌላው ጉዳይ ይፈታል የሚል ነው። አያቴ ይህንን ማንም ሳያስተምራት ታውቀው ነበር።

ምሳሌው የደበቀው ሌላም ነገር አለ። ድስቱ ሲያርር ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም? እኛ ቤት አባቴ ነበር፣ ወንድሞቼ ነበሩ፣ እኔም ነበርኩ። ሁላችንም ያንኑ ድራማ እያየን ነበር፤ ያረረው ግን በእናቴ ስም ተመዘገበ። ቀኑን ሙሉ ከጭስና ከውኃ መቅዳት ያላረፈች ሴት ማታ አንድ ሰዓት ለራሷ ብትወስድ፣ ማማሰያውን ማንሣት የነበረብን እኛ ነበርን። ማረሩን አሽትቶ ከመነሣት ይልቅ ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው ከማንም በላይ ተወቃሽ ነው።

ምሳሌው የሚይዝበት ቦታ እንዳለም አልክድም። በሰው ኑሮ እያለቀሰ ወደ ራሱ ፊቱን የማይመልስ አለ፤ ለተዋናይቷ እንባውን አፍስሶ የታመመ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ የሚያድር አለ። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱ በየስልኩ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ የየራሱን ድራማ ያያል። እንዲህ ሲሆን አያት የምትጠይቀው ልጅ፣ ልጅም የሚተረጉምላት አያት ያጣል፤ ፊቷን አዙራ ልጇን የምትናገርበት ማታም አይኖርም። አጎቴ ምሳሌውን ለዚህ ቢያነሡት ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር።

በዚያ የቡና ቀን በአጎቴ ምሳሌ ለተሸማቀቀችው ሴት ግን ሌላ ቃል ይገባታል። እኔ ምሳሌውን ከእንግዲህ የምለው «የሰው ስታማስል የራሷ ማረሩ ሸተታት» ብዬ ነው። አጠገቧ የተቀመጥን ሰዎች ደግሞ ከምሳሌው በፊት ወደ ማድ ቤት እንሂድ።