ፍጥነቱ ከጉብታው በፊት ይለካል

ልጄ፣ የሞቶክሮስ ሞተር የፍጥነት መለኪያ የለውም። «በስንት ኪሎ ሜትር ልዝለለው?» ብለህ ስትጠይቀኝ ቁጥር ብነግርህ ትራክ ላይ አታገኘውም። እዚያ የምትለካው በማርሽህና በሞተሩ ድምፅ ነው። ቢሆንም አንድ ጊዜ አብረን እናስላው።

መነሻው 30 ዲግሪ፣ ማረፊያው ከመነሻው እኩል ከፍታ ያለው ዝላይ አስብ። የአየሩን ሰበቃ ከተውነው፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የወጣ ሞተር 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ55 የወጣው 20 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ በ45 የወጣው 14 እንኳ አይሞላም። ርቀቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። «ትንሽ ልጨምርበት» ስትል የምሰጋው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ትራኩን በእግርህ ዙረው። መነሻው ጫፉ ላይ ቀጥ ካለ ወደ ላይ ይወረውርሃል፤ ረጅምና ለዘብ ያለ ከሆነ ወደ ፊት ይሰድሃል። ቀጥሎ ያንተን ዓይነት ሞተር የሚነዳ ጎበዝ ፈልግና ከመታጠፊያው ሲወጣ ጀምረህ ተከተለው፤ በስንተኛ ማርሽ እንደሚመጣ፣ ጋዙን የት እንደሚከፍት ስማ። የ450 ሲሲ ነጂ አመጣጥ ለ125 አይሆንም።

ቴብልቶፕ ላይ ተማር። በመነሻውና በማረፊያው መካከል ያለው ቦታ በአፈር የተሞላ ስለሆነ ቢያጥርህም ከላዩ ታርፋለህ። ደብል ግን መካከሉ ባዶ ነው፤ ካጠረህ ጎማህ የማረፊያውን ግንባር ይመታና አንተን ከመሪው በላይ ይወረውርሃል። አልፈህ ሜዳው ላይ መውደቅም ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ስለዚህ ቴብልቶፑ ላይ ዙር በዙር በጥቂቱ እየጨመርክ ቁልቁለቱ ላይ በልኩ እስክታርፍ ድረስ ሥራ፤ ያን ጊዜ የሰማኸውን የሞተር ድምፅ በጆሮህ ያዘው። ደብሉን የምትሞክረው በዚያ ድምፅ ነው፤ ያውም ቅርጹና ርቀቱ ከለመድከው ጋር ሲቀራረብ ብቻ።

ጉብታውን ከጀመርክ በኋላ ሐሳብህን አትለውጥ። እስከ ጫፉ ጋዙን እኩል ይዘህ ውጣ፤ ጫፉ ላይ ብትለቀው የሞተሩ አፍንጫ ይደፋል። አየር ላይ ጋዝ ብትሰጥ አፍንጫው ይነሳል፣ የኋላ ፍሬን ብትነካ ዝቅ ይላል። ይህ አቀማመጥህን ያስተካክልልሃል እንጂ ርቀትህን አንድ ክንድ አይጨምርልህም። ርቀቱ መሬቱን ስትለቅ ተወስኗል። ከተጠራጠርክ ገና ሩቅ ሳለህ ጋዙን ቀንስ፤ መስመርህን ሳትቀይር፣ ሳትዘል፣ በዝግታ እለፈው። ማንም ቢያልፍህ ግድ አይስጥህ።

አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ሬድበድ በተባለው ትራክ ላይ በሞቶክሮስ ነጂው በማይክ ላሮኮ ስም የሚጠራ፣ 36 ሜትር ገደማ የሚሆን ትሪፕል (ሦስት ጉብታ በአንድ ጊዜ የሚዘለልበት) አለ። ታላላቆቹ ሲዘሉት አይተህ ልብህ ቢነሳሳ አልወቅስህም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ዓይንህን አየር ላይ ብቻ አትትከል፤ ከዝላዩ በፊት ያለውን መታጠፊያ እንዴት እንደሚወጡት ተመልከት።

ጠዋት የለካኸውን ፍጥነት ከሰዓት በኋላ አትመነው። መነሻው ላይ ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩም ይለሰልሳል ወይም ይደርቃል፤ ከዕረፍት ስትመለስ የመጀመሪያውን ዙር ምንም ሳትዘል ዙርና እየው።