ከቴአትር ወደ ሲኒማ፤ የባለታሪክን ጥፋት መሸፈን ይገባልን?

በመድረክ የታወቀ የፍቅር መከራ ወደ ሲኒማ ሲዛወር ሁሉ ነገር እንዳለ ሊቆይ እንደማይችል የታወቀ ነው። ቴአትር በቃል ይኖራል፤ ሲኒማ ግን በዓይን። ተዋናይ ብዙ ተናግሮ የሚያስረዳውን ካሜራ በአንድ የፊት መለወጥ ያሳያል። ስለዚህ ንግግሩ ቢያጥር ደራሲው ተበደለ አይባልም። ነገር ግን የሚቀነሰው የወደድነው ሰው ጥፋት የሆነ እንደ ሆነ፥ ነገሩ ከጥበብ አልፎ የኅሊና ጥያቄ ይሆናል።

የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ስለ መለሱት ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። በሼክስፒር ድርሰት መጨረሻ፥ ዡልየትን ሊያገባ ታስቦ የነበረው ፓሪስ አበባ ይዞ ወደ መቃብሯ ይመጣል። ሮሜዎን ባየ ጊዜ በሬሳ ላይ ክፉ ሊሠራ የመጣ ጠላት መስሎት ይጋጠመዋል፤ ይሞታልም። ሲሞት በዡልየት አጠገብ እንዲያጋድመው ይለምናል፤ ሮሜዎም ይፈጽምለታል። ፍራንኮ ዜፊሬሊ በ1968 እ.ኤ.አ.፥ ባዝ ሉርማንም በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ፊልሞች ግን ይህ ግድያ የለም።

ለዚህ አሠራር የሚከራከር አይጠፋም። ካሜራ ፊትን ስለሚያቀርብ፥ በመድረክ ርቆ የሚታየው ደም በፊልም ላይ ይከብዳል፤ ተመልካቹም ለሮሜዎ ሊያለቅስ ሲል ሊጠላው ይችላል ይባል ይሆናል። እኛ ግን ዕንባ ለንጹሕ ሰው ብቻ የሚፈስ ከሆነ ርኅራኄ መባሉን እንጠራጠራለን። ፓሪስ ሲቀር የቀረው አንድ ሟች ብቻ አይደለም፤ ፍቅር በራሱ ሐዘን ሲሞላ የሌላውን ሐዘን እንደማያይ የሚያስተምረው ክፍልም አብሮ ቀርቷል። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ከሥራችን እናውቀዋለን። ፊት የመጣው ባለጉዳይ ሲናገር ፍርዱ ያለቀ ይመስላል፤ ሁለተኛው ሲናገር ግን ገና መጀመሩ ይታወቃል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ የምናልፋት ማንኩሳ፥ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ አገር ያደረጋት ናት። መጽሐፉ ልብ ወለድ እንጂ ቴአትር አይደለም፤ ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው ጊዜ ድምፁ ለአድማጩ መድረክ ሆኖለት ነበር።

ይህን ታሪክ ወደ ፊልም ለሚያዛውር ሰው የዳጉሳውን ማሳና የደብሩን ዛፍ ማሳየት አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ሰውን እንደ ነበረ ማሳየት ነው። ፊታውራሪ መሸሻን ጭራቅ ማድረግ ይቀላል፤ ነገር ግን ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲፈልጉ ክብሯን የጠበቁላት ይመስላቸዋል። በዛብህም ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የሰጡት የስለት ልጅ ነው፤ ስለትን የሚሳል ደግሞ ልጁን የሚጠላ ሳይሆን የሚወድ ወላጅ ነው። ሁለቱን ወጣቶች ያሰናከለው ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ክፉውን አውግዘን በሰላም ወደ ቤታችን በገባን ነበር። ያሰናከላቸው ግን መውደድ የመሰለው ማሰርም ጭምር ነው፤ እርሱም በየቤታችን አለ።

እንግዲህ ፊልም ሠሪው ንግግሩን ያሳጥር፥ ቦታውንም ይለውጥ። የምንወደውን ሰው ጥፋት፥ የምንጠላውንም ሰው ምክንያት ግን አይደብቅብን። ሁለቱን አይቶ ያለቀሰ ሰው ልጁን ሲድርም ሆነ በሌላው ላይ ሲፈርድ ጥቂት ቆም ብሎ ያስባል።